መስኮት በሌለው ቤት

ታይዋን፣ ቀትር ላይ፣ ጋሽ ድልነሳ መጡ፤
ፍላሻቸውን ከመሐረብ ፈትተው ለኢፍቱ ሰጡ፦
«የዴፖው መዝገብ ነው፤ ብሎኑን ሁሉ ያውቃል፤
ግን መስኮት ለምዷል፤ መስኮት ካጣ ይታነቃል።»

የኢፍቱ ማሽን ሊኑክስ ነው፣ መስኮት ያልተቀደደለት።
መዝገቡ ገና ሲገባ፦ «የታል ‹ሲ› የሚሉት ቤት?»
ባዶ ፎልደር ከፍታ፣ «ሲ» ብላ ስም አወጣችለት፤
አመናት።
ፊደሉ ግን መንገድ ቀርቶ፣
ብሎን ሦስት ባዶ ሳጥን፣
ፋኖስም ሦስት ባዶ ሳጥን።

ሳቁ ጋሽ ድልነሳ፦ «እኔስ፣ ሐዲዱ ዝም ሲል፣
ፈረንሳይኛዬን ይዤ ቀፊራ ሽንኩርት ስመዝን፣
ሳጥን አልነበርኩ?»

ፊደል ጫነችለት፤ ስሞቹ ተመለሱ።
ቀኑ ብቻ አልታረም አለ፤ ድሮ ላይ ቆሟል እሱ።
«ተዪው» አሏት፣ ወደ ጣቢያው እያዩ፤
«በዚያ ቀን ባቡሩ ገና ይመጣል።»