ቆዳ ፋቂዋ

ስሟ ቶኪዬ ነው፤ "ዬ"ዋ ቁልምጫ አይደለች፣
ዮኮሃማ ወደብ እንዲሁ ተጠራች።
ባሏን ከቀበረች አራት ዓመት ሆኗት፣
ከጉምሩክ ሦስተኛ ፎቅ ወንበር ተሰጥቷት፣
መርፌ፣ አጉሊ መነጽር፣ ለግራ እጇ ጓንት፣
ከሥሩ የሚበራ ጠረጴዛ መስታወት።

ፊልሙ ከስዊድን፣ ከፈረንሳይ ይመጣል፣
በቆርቆሮ ታሽጎ መርከብ ላይ ይከርማል።
አቶ ሃታናካ ማኅተሙን ይፈታል፣
ሳል ሳል እያለው ደንቡን ያነብላታል
(በቃሏ እንደያዘችው እያወቀ፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር)፦
"ከእምብርት በታች አንዲት ጠጉር
አትታይ። ደም ይለፍ። ሰይፍ ይለፍ። ከዚያ ወዲያ
ያለውን..." ይልና አንገቱ ይቀላል፣
"...ያለውን ታውቂዋለሽ" ብሎ ይወጣል።

በሴኮንድ ሃያ አራት ሥዕል ነው የሚያልፈው።
አንዲት ሴት ከአልጋዋ ተነሥታ
መጋረጃ እስክትገልጥ፣ ላየ ሰው
አንድ ረዘም ያለ ትንፋሽ ነው፤
ለቶኪዬ ግን መቶ አርባ አራት ሥዕል፣
መቶ አርባ አራት ቦታ መርፌ ማሳረፍ፣
ከማለዳ እስከ ምሳ ደቃቅ አቧራ መጥረግ፣ እፍፍ።

ሌላው እንዳያየው እሷ አብዝታ አየች፤
የማታውቀው አገር፣ የማታውቀው ሴት
ጭኗ ላይ ያለችን የክትባት ጠባሳ
ከወለደቻት እናት በላይ አወቀች።

በእኔ አገር አፍ "ቆዳ ፋቂ" ማለት
ስድብ ነበር፣ ሰውን ከማዕድ የሚያስቀር።
በእሷም አገር ቆዳ የሚያለፋ ሰው
መንደሩ ከወንዝ ማዶ፣ ለብቻው ነበር።
ፊልም ደግሞ፣ ቢያስቡት፣ ያው ቆዳ ነው፤
ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የወጣ ሙጫ፣
ብር ተነስንሶበት ብርሃን የሚይዝ።
ይህን ማንም አልነገራት።
ምሽት ላይ ግን ጥፍሯን ስታሸት
የሆነ የእንስሳ ሽታ ይሸታት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ ትኬት ቆርጣ ገባች፣
የእጇን ሥራ ልታይ ከኋላ ተቀመጠች።
ሴትዮዋ ተነሣች፣ መጋረጃ ገለጠች፤
ከእምብርቷ በታች
ነጭ ነገር ነደደ፣ ተርገበገበ፣
እንደ ተቆጣ ንብ እዚያው ተሰበሰበ።
አዳራሹ በሙሉ ወደፊት ዘመመ።
ፊቷን ያየ የለም።
(እያለቀሰች ነበር፤ ቶኪዬ ታውቃለች፣
መቶ አርባ አራት ጊዜ አይታታለች።)
ሰው ያየው ጭረቱን ነው።
ከጎኗ ያለው ጎረምሳ ትንፋሹን ያዘ፣
እሷ መርፌ ያሳረፈችበት ላይ ዓይኑ ፈዘዘ።

ሰኞ፣ ደንቡ ተነቦ ሲያበቃ፣
"ባልፍቀው ኖሮ እንባዋን ያዩላት ነበር" አለች።
አቶ ሃታናካ ወረቀቱን ገለበጠ፣
ጀርባውን ጭምር አየ።
"እንባ ደንቡ ውስጥ የለም" አለ።
እውነቱን ነው፤ የለም።

ማታ ማታ ከሥራዋ ስትወጣ
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የሕዝብ መታጠቢያ አለ፤
ሠላሳ አርባ ሴት፣ እንደ ተወለደችበት ቀን፣
እርጉዟ፣ አራሷ፣ ሆዷ ተሰፍቶ የዳነች፣
ጀርባዋን የጦርነቱ እሳት ያኮማተረው፣
እንፋሎት ውስጥ ተቀምጣ
ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታማርራለች።
ግድግዳው ላይ የተጻፈ አንድ ደንብ ብቻ አለ፦
"ገንዳው ውስጥ ሳይገቡ ይታጠቡ።"

አሮጊቷ ኡሜኖ ጨርቋን አቀበለቻት፣
ዞር ብላ "ጀርባዬን እሺልኝ" አለቻት።
ቶኪዬ ጀመረች። እጇ ግን ለምዶበት፣
አጠር አጠር አርጎ፣ ፈጠን ፈጠን ብሎ፣
ሰፊውን ጀርባ ትቶ
አንዲት ቦታ ብቻ ደጋግሞ ፋቀ።
አሮጊቷ ትከሻዋን ሰበቀች፣
"ቀስ በይ፣ ልጄ" አለች፣
"ቆዳ እኮ ነው።"