ትርፍ ሰባት ፈረስ

ጋራዤ ደቻቱ ዳር ነው፣ ከድልድዩ ወዲህ፤
አሮጌ ኒም አለች፣ ጥላዋ ከዚያ እስከዚህ።
ወንዛችን አሸዋ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ፤
ሲጎድል ማን ይፈራዋል? የሚያስፈራው ሲተርፍ፣ ሲለቀቅ።

ሐሙስ ዕለት ሸምሰዲን ከነፔጆው ደረሰ፤
አራት መቶ አራት፣ ጣሪያዋ በፀሐይ የተጠበሰ፣
ሐረር ላይ ስንት ሙሽራ፣ ስንት ጆንያ የጫነች፣
ዛሬ ወንበሯ ተነቅሎ፣ ሆዷ ተፍቆ የቀጠነች፣
እሁድ የደንገጎን ዳገት ልትወጣ የተመዘገበች።

«አቦ ገሌ፣ በለጠች!»
«በምን በለጠች?»
«በሰባት ፈረስ።»
ወረቀቱን ዘረጋው፤ የምድቡ ልክ ዘጠና የፈረስ ጉልበት፤
የሷ ግን፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤቱን ሮለር ለምኖ ቢያስሮጣት፣
ዘጠና ሰባት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ደጅ የቆመ
«ጨምርልኝ» እያለ ነው የተመመ።
ለሲኖው ጨምርልኝ፣ ለባጃጄ ጨምር፣
ለአይሱዙ፣ ዳገት ላይ ስታለቅስ ለምታድር።
ቀንስልኝ ብሎ የመጣ
እሱ አንድ ለእናቱ ነው።
ሰባት ፈረስ ደግሞ ወዴት ነው የሚነዳ?
ደቻቱ ላይ ሳር የለ፤ ቀፊራ አይሸጥ፣ ዕዳ!

ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤
«ጉሮሮዋ ላይ ሮንዴላ እንክተት፣ ትታነቅ ሚዛን እስኪያልፍ፤
ማታ በካቻቢቴ አውጣት። ማን ያያል ብትተርፍ?»

ማን ያያል።
አባቴ የሸመንደፈር ሰው ነበር፣ የአቴሊዬው፤
የካቻቢቴውን እጀታ ጆሮው ላይ፣ ጫፉን ብረቱ ላይ ተክሎ
የታመመውን ፒስተን ይጠራው ነበር፣ ከአራቱ ነጥሎ።
ሃያ ስድስት ዓመት በጆሮው ኖረ፤
«የሚያይማ ሞልቷል» ይለኝ ነበር፣
«የሚሰማ ነው የቸገረ።»

ለሸምሰዲን መልስ አልሰጠሁትም። ኮፈኑን ከፈትኩ።

ናስ ቆረጥኩ፣ መሃሉን በሳሁ፤ ሰማንያ አንድ ፈረስ፤
አስም እንደያዘው ሽማግሌ ትንፋሿ ሲመላለስ።
ሞረድኩ፤ ሰማንያ አምስት።
ሞረድኩ፤ ሰማንያ ስምንት።
ላቤ ናሱ ላይ ጠብ፣ ጠብ።
ሸምሰዲን «በቃ!» ይላል፤ ጣቴ ግን «ገና» አለኝ፣
የፀጉር ያህል ቀርቶኝ።

የድሬን አየርስ ማን ይመዝነዋል?
ጎህ ሲቀድ ወፍራም ነው፣ ሞተር ይጠግበዋል፤
ቀትር ላይ ይሳሳል፣ ፈረሱም ያልበዋል፤
በዚያችው ሮንዴላ ጠዋት ዘጠና አንድ፣ እኩለ ቀን ሰማንያ ስድስት።
መዛኞቹ ደግሞ የሚመጡት በማለዳ ነው።
ስለዚህ ሌሊት ተነሳሁ፣ ከአዛን በፊት፣
በእኛ ብርድ፣ ሸሚዝ በሚበቃው ብርድ፣
ሞረዱን ትቼ ቁጭ ብዬ ሕጉን አነበብኩ።

ሕጉ የጻፈው ጫፉን ነው።
ጣሪያው ከዘጠና አይለፍ አለ እንጂ
ስለ ወገቡ አንድ ቃል አልተነፈሰም።
ማርሚታዋን አስረዘምኩ፣ አጠበብኩ፤
የቫልቮቹን ሰዓት በጥቂቱ አስቀደምኩ፤
ከአናቷ ቆርጬ ወገቧ ላይ ጣፍኩ።
ካልጮኸች የማትሄደው ፔጆ
ከሦስት ሺህ ዙር መጎተት ጀመረች፣
ፈረስ መሆኗን ትታ በሬ መሰለች።

ቅዳሜ ጠዋት መዛኙ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፤
ዘጠና። ልክ።
በኛ ቋንቋ ልክ ሁለት ነው፤
አላሳልፍ የሚልህ አጥር፣ አለዚያም የገጠመ ነገር።
ሮንዴላዋን በእርሳስ አተሟት። ሸምሰዲን ዐይኔን አላየም።

እሁድ ከዳገቱ እግር ቆምኩ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ።
ሌሎቹ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ወደ ሁለት ማርሽ ወረዱ፣ እየጮሁ፤
የኛዋ በሦስት ገባች፣ በሦስት ወጣች፣
ድምጿ ሳይሰበር ተራራው ዋጣት።
ስልኬ ጠራ። እጄ ዘይት ነበር፤ አላነሳሁትም።

ሰኞ ባለ ባጃጅ መጣ፤
«አቦ ገሌ፣ ጉልበት ጨምርልኝ።»
«ስንት?» አልኩት። «ትርፍ ሰባት አለኝ።»