ዋት በካሬ ሜትር

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከዋርካው ግንድ ላይ
እናቴ የሰቀለችው አንድ አምፖል አለ፣ ታይ አልታይ።
መቶ ዋት ይላል፣ አንገቱ ላይ ተጽፎ፤
መቶውም ይወጣል፣ እንደ ሳር ተነጥፎ፤
ጥቂቱ ለቅጠሉ፣ ጥቂቱ ለሰማይ፣
ጥቂቱ ለትንኝ፣ ጥቂቱ ለድንጋይ፣
ለአባቴ የሚተርፈው በዓይን የማይታይ።

እኔ መለኪያ አለኝ፣ ከፖሊ የተዋስሁት፣
ሰኞ እመልሳለሁ ብዬ የፈረምሁት።
አንድ እርምጃ ርቄ ቁጥሩን አነበብሁት፤
ሁለት እርምጃ ላይ ሩቡን አገኘሁት፤
ሦስት ላይ፣ ለዘጠኝ ተካፍሎ አየሁት።
«ምን ትቆጥሪያለሽ?» አለችኝ ይታይሽ፣
እናቴ፣ ከመረቧ ቀና ሳትል፤ «ወይስ
ጨለማ ልትቆጥሪ ነው ከተማ የተማርሽ?»

«ኃይልና ብርታት፣ እማ፣ አንድ አይደሉም» አልኋት።
«ኃይሉ አምፖሉ ጋ ነው፤ የትም ቁሚለት
መቶ ነው፤ አይጨምር፣ አይቀንስ በርቀት።
ብርታት የሚባለው ሲካፈል ነው፣ ለስፋት።
አንድ ጣሳ ጤፍ ነው፤ በመደብ ብትዘሪው
ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣል፤ በማሳ ብትረጪው
ያው ጣሳ ነው ጤፉ፤ መሬቱ ነው የዋጠው።»

ዝም አለች። ከክብራን ወዲህ፣ ወይ ወዲያ ማዶ፣
አባቴ በታንኳ ነው፣ ለአምባዛ ሄዶ።

ከዚያ ነፋስ ተነሣ፤ ደንገሉ አጎነበሰ፤
እምቦጩ ተገፍቶ እግራችን ደረሰ።
ከዚያ ደግሞ
መብራት ሄደ።
እንደ ልማዱ፣ ሳይሰናበት፤
የዓባይ ውሃ እዚያ ታች ብረት እያዞረ
የኛ አምፖል ዋርካው ላይ እንደ ቅል ጠቆረ።
መቶው ዜሮ ሆነ። ዜሮን ለአራት፣ ለዘጠኝ
ብታካፍሉት ያው ነው። ቀመሬም አልጠቀመኝ።

እናቴ ሮጠች። ከቤት ይዛ የመጣችው
የእጅ ባትሪ ነበር፣ ሁለት ዋት፣ መስታወቱ የረገፈው፣
እና አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ፣
ውስጡን በአሸዋ ፈትጋ መስተዋት ያደረገችው፣
መቼ እንደሆነ እንጃ፣ ለምን እንደሆነ ለማንም ያልነገረችው።
ባትሪውን ከጣሳው ሆድ በጨርቅ አጣበቀች፤
አፉን ወደ ሐይቁ፣ እንደ ጠመንጃ፣ ደገነች።

አልተበተነም።
ቀጭን መንገድ ሆኖ ማዕበሉን ሰነጠቀ፤
የጉማሬ ጆሮ አሳየን፤ አለፈው፤ ራቀ፤
ከዚያ፣ ከሩቅ፣ አንድ እርጥብ መቅዘፊያ ብልጭ አለ፣ ጠለቀ፣
ደግሞ ብልጭ አለ።

ሁለት ዋት! ከአምፖሉ ሃምሳ እጅ ያነሰ።
ልለካው ስል እጄ ከኪሴ ደረሰ፤
ግን የት ልደቅነው? ከጎኗ ቆሜ ሳለሁ
በጣሳው ጥላ ውስጥ፣ ዙሪያዬን አያለሁ፦
ዋርካው የለም። ፊቷ የለም። የገዛ እጄም የለም።
ያላትን ሁሉ ላከችው፤ ወደ ጎን የቀረ የለም።
መለኪያው እንኳ ታዝቦ፣ ዜሮ ላይ ተኝቷል።
ይህን ጨለማ አውቀዋለሁ፤ ከዚህ በፊት ውጦኛል፦
አባቴ ሦስት ሌሊት ከደቅ የቀረ ጊዜ፣
እኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ወባ ይዞኝ፣ በትካዜ
«እማ» ብላት፣ «እማ» ብላት፣
ጀርባዋ ብቻ ነበር የዞረልኝ፣ ከበሩ አፍ ላይ፤
ዓይኗ ውሃው ላይ።
ያኔ ያለቀባት መስሎኝ ነበር ፍቅር።
አላለቀም ኖሯል። አንድ ቦታ ላይ ነበር።

ታንኳው ደንገሉን ጥሶ መጣ፣ እስከ ወገቡ ርሶ።
«ማነው ዓይኔን የሚወጋኝ?» አለ አባቴ፣ በቁጣ፣ እጁን አንሥቶ።
ጣሳው ዝቅ አለ። ብርሃኑ እግራችን ላይ ፈሰሰ፤
ሦስት ጥንድ ጭቃማ እግር፣ አንድ የሚንፈራገጥ አምባዛ።

ሰኞ ዕቃውን መለስሁ። ቅጹ «የተለካ ውጤት» ይላል።
ጻፍሁ፦ ሁለት ዋት፣ በአንድ ሰው።
ንብረት ክፍሉ፣ አቶ ስንሻው፣ መነጽሩን አወለቀው፣
«በካሬ ሜትር ነው እንጂ» አለ፣
በቀይ ሰረዘው።