ፌስታል

ስድስት ዓመቱ ነበር፤ በእጁ ቢጫ ፌስታል፤
«ለሦስት ወር ብቻ ነው፣ ዘመድ ይፈለግለታል»
አለች አትጠገብ፣ የሕፃናት ቢሮዋ ልጅ፣
ቅጹን አስፈረመችን፤ ባጃጁ ቆሟል ደጅ።
ፌስታሉ ውስጥ ያለው፦ ሹራብ፣ የክትባት ካርድ፣
አንድ እግር ካልሲ፤ ሌላው እግር ይብረድ።
«ስምህስ ማን ይባላል?» «ማንያዘዋል» አለኝ፤
ስም ነው ወይስ ጥያቄ? እኔ እንጃ፣ ግራ ገባኝ።

ሽምብጥ ነው ቤታችን፤ ሁለት ክፍል፣ ክረምት ያፈሳል፤
ባሌ ጀልባ ይነዳል፣ ዘጌ ሰው ያደርሳል፤
እኔ ጨርቃ ጨርቅ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ፣
ጥጡን ከፀጉሬ ሳላራግፍ የምተኛ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎጆው ሁለት ሰው ብቻ ነበረው፤
«ልጅስ?» ሲሉን፣ ባሌ ሐይቁን ነበር የሚያየው።

ልጁ አይፍታታም። ፌስታሉንም አይፈታም።
ሹራቡን ከቁም ሳጥን ባስገባለት ማታ፣
ጠዋት እዚያው ፌስታል ውስጥ፣ ታጥፎ፣ በሩ ሥር፣ በዝምታ።
ጫማውን ከነክሩ ከራስጌው ያስተኛል፤
«ማታ ከመጡ» ይላል፣ «ሳልቸኩል ያመቸኛል።»
ማን እንደሚመጣ አልጠየቅሁም እኔ፤
ሁለት ቤት አልፎ ነው የደረሰው ከጎኔ።
እኔን «እትዬ»፣ ባሌን «ጋሼ» ነው የሚለን፤
ቁራሽ እንኳ ሲያነሣ በዓይኑ ነው የሚያስፈቅደን።

ሦስት ወሩ ዓመት ሆነ። ዘመዱ በሬዲዮ ተጠራ፣
ማስታወቂያ ተለጠፈ በየቀበሌው፣ ተራ በተራ።
አጎት መጣ ከመራዊ፣ ሙዝ አንጠልጥሎ፤
አየው፣ አለቀሰ፣ ሄደ «አምስት አሉኝ፣ አልችልም» ብሎ።
ልጁ ሙዙን አልቀመሰም። ያን ሌሊት ፌስታሉን
ታቅፎ አደረ፤ ላላቅቅ ብል አልቻልኩም ጣቱን።

አንድ እሁድ ባሌ በጀልባ ይዞት ወጣ፤
ከደብረ ማርያም ወዲህ ሞተሩ እምቦጭ ጎርሶ፣ ጉድ መጣ።
«ጋሼ፣ የተበላሸ ጀልባ ይጣላል?» ጠየቀ፤
ባሌ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሳቀ፤
«ይጎተታል እንጂ!» አለና፣ ገመዱን በትከሻው፣
ጎተተው እስከ ዳር፤ ልጁ ከላይ ሆኖ እምቦጩን በመቅዘፊያ እየገፋው።
ማታ ሲያወራልኝ፣ ጀልባዋን አምስት ጊዜ ጠገናት፤
ፌስታሉን ግን ቋጠራት።

«ፍርድ ቤቱ ይዘገያል» አሉ እሜቴ አለሚቱ፣
«አውራ ጣትሽን ማር ንከሪ፣ ይጥባ፤ የጡት ልጅ ነው ሥርዓቱ።»
ከዳንግላ ማር ነከርኩ፣ ሽማግሌ ባለበት፤
«ልጄ ነህ» አልኩት። ስምንት ሊሞላው ነው፤ አፈረበት፤
ጠባ ግን። ጣቴን ነካኝ የወለቀ ጥርሱ ክፍተት።

ሰኔ ላይ ችሎት ገባን። ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች፤
«ከእነዚህ ሰዎች ጋር መኖር ትፈልጋለህ?» ብላ ጠየቀች።
«እስከ መቼ?» አለ።
ጸሐፊዋ መጻፍ አቆመች።
«መቼ የለውም» አለች ዳኛዋ። ጉሮሮዋን ጠረገች።
ከዚያ ሙሉ ስሙን ስታነብ፣ ያኔ ነው የገባኝ፤
የባሌ ስም ከጎኑ ቆሟል፦ «ማንያዘዋል አለኸኝ።»
ባጃጁ ውስጥ በከንፈሬ ደጋገምኩት፤ ማንም አልሰማኝ።

አልዋሽም፤ በዚያው ማታም ፌስታሉ በሩ ሥር ነበር፤ አልጠፋም።
በማግስቱም። በሦስተኛውም። ቋጠሮ በፍርድ አይፈታም።

ኅዳር ላይ፣ ከፈረቃ ስገባ፣ አጣሁት ከበሩ ሥር፤
ልብሱ እንጂ ልጁ የለም መስሎኝ ሮጥኩ፣ ነጠላዬን ሳላስር፤
ከዓሣ አስጋሪዎቹ መሐል ቆሞ ይከራከራል፤
«ለቤታችን ነው፣ ጨምርበት!» ይላል።
ሁለት ቆሮሶ፣ በቢጫው ፌስታል፤ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል።
«ሹራቡስ?» አልኩት፣ ትንፋሼ ሳይመለስ።
«ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ እትዬ።»
ዓሣው ገና ይንፈራገጣል።