የሁመር ከሰል

ሠላሳ አራት ዓመት፣ ከትኬት መስኮት ኋላ፣
ቁጥር ብቻ ጻፍኩኝ፤ አልሞከርኩም ሌላ።
ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት
ሙኔማ ቤት ሄድኩኝ፣ ጨርቅ ከምትሥል ሴት።
ስሪካላሃስቲ ነው፣ ከወንዙ ዳር ሰፈር፤
ግቢዋ በዝገት፣ በጎሽ ወተት ሽታ ይታወቅ ነበር።

«ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለች።
«አምሳ ዘጠኝ» አልኳት።
«የእጅዎስ?» ብትለኝ የምለውን አጣሁ፤
ከልጃገረዶች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥሁ።
ሰባት ነን በሙሉ፤ ስድስቱ ልጆች ናቸው፣
ጉልበቴ ሲንቋቋ ሳቅ የሚያፍናቸው።

የሁመር ጭራሮ በአሸዋ ታፍኖ
ይከስላል፣ ቀስ ብሎ፣ የእኛ እርሳስ ሆኖ።
ጠበቅ ሲያደርጉት ስብር፣
ላላ ሲያደርጉት እብር።

የመጀመሪያው ወር መስመር ነው፣ መስመር ብቻ፤
ከትከሻ ይምጣ እንጂ አይሁን የጣት ዘመቻ።
እኔ ደግሞ መስመር አውቃለሁ ባይ ነኝ፣
መዝገብ በማስመር ነው ዕድሜ የሸኘኝ፤
ስቤ አሳየኋት አንድ ገጽ ሙሉ ሐዲድ።
አየችው። ዝም አለች። «ደህና ነው፣ ለባቡር መንገድ።
ጨርቅ ግን ይታጠፋል፣ ሰው ይለብሰዋል፣
ከትከሻ ተነሥቶ ወገብ ላይ ይወርዳል።
አንዴ ወፈር ይበል፣ አንዴ ቅጥን ይበል፤
ሐረግ ዛፍ ሲወጣ ማስመሪያ ይዞ ያውቃል?»

በሁለተኛው ወር ክብ። የዳቦ ቅርጽ ወጣ።
ቀጥሎ ማንጎ ነበር፤ እንቁላል ሆኖ መጣ።
በቀቀን ሣልኩና ሳሳይ በኩራት፣
ሃሪፕሪያ ጠየቀች፤ «አያቴ፣ ዶሮ ናት?»

ሙኔማ አልሳቀችም። «ወጥተው ይዩት» አለች።
ጓሮ፣ ሁመሩ ላይ፣ አንዲት ተቀምጣለች፤
አንገቷን ሰበር አርጋ ፍሬ ትፈለፍላለች፣
ግማሹን ትበላለች፣ ግማሹን ትጥላለች።
እስከ ቀትር ቆምኩኝ፣ ከሰሌን ሳላነሣ።
ያኔ ነው የገባኝ፦ ያን ሁሉ ዓመት
ሰው አላየሁም ለካ፤
ያየሁት ሳንቲምና እጅ ነው፣ በዚያች ጠባብ መስኮት።
«ቀጣይ!» ነበር ቃሌ። ፊት አልነበረውም።

ከዚያ የሚከብደው፦
ሐረጉ በቀኝ ወጥቶ በግራ እንዲገባ፣
የተቆረጠ አበባ ከግማሹ እንዲግባባ።
ወረቀቱን አጥፌ፣ ጠቅልዬ ስገጥም
ግንዱ በአንድ ጣት ይስታል፤ አንዴም አይሳካም።
«አንድ ጣት ምንድን ናት?» ብዬ ስሟገታት፣
«ሳሪው ስድስት ሜትር ነው፤ እስከ ጫፉ ይቁጠሯት።»

በአምስተኛው ወር ቀርከሃው ተሰጠኝ፣
ጫፉ ሱፍ የጠጣ፤ ክብደቱ አስደነገጠኝ።
ጥቁሩ ዝገት ነው፣ ከጥሬ ስኳር ጋር ሲብላላ የከረመ።
«ከሰል ይቅር ይላል፤ መታ መታ ሲያደርጉት ይረግፋል።
ብረት ግን አይረሳም፤ ወንዝም ይፈራዋል።»

እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሱፉን ጨመቅሁ ሳላውቅ፤
ጠብ አለች አንድ ነጥብ፣ ከምንቁሯ ሥር ራቅ።
ወተት የጠጣ ጨርቅ! የሁለት ሳምንት ልፋት!
«አበላሸሁት» አልኩኝ።
ጎንበስ ብላ አየቻት።
«ፍሬ ናት» አለችኝ፤ «ወፏ የጣለቻት።
ግን አንዴ ከወደቀች በሁሉም ትውደቅ።
ስድስት ሜትር ነው። ይቀጥሉ።»

ዛሬ ስዋርናሙኪ ውኃዋ ጉልበት ይደርሳል፤
ጨርቄ ከእጄ ሳይወጣ ከወንዙ ጋር ይፈስሳል።
የድሮው ጸሐፊ አላስችል ብሎኝ ቆጠርኩ፦
አርባ በቀቀን። ሠላሳ ዘጠኝ ፍሬ።
ደግሜ ቆጠርኩ።
ለሙኔማ አልነገርኳትም፤
አንዷ ሳትውጣት አልቀረችም።