ሳንባ ምች፣ ማዛትላን

ታክሲዬን በከተማው ሳንባ ምች ይሏታል፤
ጣሪያ የላት፣ በር የላት፣ ንፋስ ያልፍባታል።

ከነጩ መርከብ ወርደው ሎርንና ቬርና
ማለዳ ተሳፈሩ፣ ፀሐይዋ ሳትጠና።
ካቴድራሉን አየን፣ የሽሪምፕ ገበያውን፤
እሱ ግን ሰዓቱን፣ እሷ ግን ባሕሩን።
"አሥር ላይ መርከቡ ጥሎን ይሄዳል" ይላል፤
አርባ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ያለ ይመስላል።

ዐለቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ሲክስቶ ይጠብቃል፤
ውሃው ካልሞላ በቀር የዘለለ ያልቃል።

መጣ ማዕበሉ።
ዘለለ።
ሎርን ሰዓቱን እያየ ነበረ።

"ዘለለ እንዴ?" ሲላት መልስም አልሰጠችው፤
ባርኔጣው ሲዘረጋ ፔሶውን ጣለችው።
ከፀጉሩ አንዲት ጠብታ መዳፏ ላይ አረፈች፤
በመስታወት አየኋት፣ ሳታብስ ተቀመጠች።

ወደቡ ሩቅ አይደል፤ ታክሲዬ ጣሪያ የላት፤
ጥግ እንደታጠፍኩ ንፋሱ አደረቃት።