ቤት የሌለው በር

በደንዲ ከተማ፣ ቤት ሲሸጥ እንዲህ ነው፤
ማን ስንት እንደ ጻፈ ማንም ሰው አያየው።
ፖስታው ይታሸጋል፣ ይሄዳል ዓርብ ቀትር፤
ውስጡን የሚያውቅ የለም፣ ከላኪው በስተቀር።

እኔና ሩዋሪ በወጥ ቤት ጠረጴዛ
ሌሊቱን አጋመስን፣ ስንደምር፣ ስናባዛ፤
የሱን የሹፌር ደመወዝ፣ የኔን ከስፌት ቤት፣
የመኪናውን ሽያጭ፣ የእናቴን ቀለበት
ደምረን ደማምረን አንድ ቁጥር ወለድን፤
ከጭራው ሰባት ፓውንድ ለዕድል ቀጠልን።

ቤቱ የሟቿ የወይዘሮ ፔትሪ ነው። ግድግዳው ደብዝዟል፤
ሰዓት የነበረበት ክቡ ብቻ እንደ አዲስ ቀርቷል።
«ባኞው አርጅቷል፣ ጣራው ያፈስሳል» ይላል የመርማሪው ወረቀት፤
እኔን የማረከኝ የወጥ ቤቱ በር ነው፣ እርሳስ ተጭሮበት፦
«አንገስ፣ ስድሳ አንድ»፤ «ጂን፣ ስድሳ ሁለት»፤
እንደ መሰላል እርከን የወጣ ልጅነት።
ልጄ ኢዝላ ሮጣ ጀርባዋን ለጥፋ ቆመች፤
ከስድሳ ሁለቷ ጂን በሁለት ጣት አጠረች።
ደላላው ዘወር ሲል ሜትሬን መዘዝኩና
የሳሎኑን መስኮት ለካሁ፤
ማታውን መጋረጃ ቀደድኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝና።

ሰኞ ጠበቃው ደወለ። ጉሮሮውን ጠረገ።
ገና ሲጠርገው ወለሉ ከእግሬ ሥር አረገረገ።
«ሌላ ሰው በለጠ።» «በስንት?» «ባልነግርሽ ይሻላል።»
በጥቂት ነው ማለት ነው፤ ጥቂት ደግሞ ያቃጥላል።

የሁለተኛውን ቤት ወለል ሻጋታ በልቶት ነበር፤
«ለሻጋታ» አለ ባንኩ፣ «ሳንቲም አናበድር።»
የሦስተኛው ሻጭ ተስማምቶ፣ ተጨባብጠን፣ ብዕር ሲያነሳ
ጥላው የሄደች ሚስቱ ተመለሰች፤ ሽያጩን ረሳ።
እሰይ፣ ደስ ይበላቸው አልን፤ ኪራይ ቤት ገብተን
ስለ ሰው ፍቅር መጽናት ሦስት ቀን አለቀስን።

ቀስ በቀስ፣ ይባላል፣ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤
የኛ እንቁላል እግር ሳያወጣ፣ ዋጋው በክንፉ በርሯል፤
አከራያችንም ከመስከረም ወዲህ ሰማንያ ፓውንድ ጨምሯል።

ከሁሉ የከፋው መስመሩ ነው። ሩዋሪ የሚነዳው ሃያ ሁለት ቁጥር
በቀን ስምንት ጊዜ ይቆማል፣ ከወይዘሮ ፔትሪ አጥር።
የሚሳፈር ሳይኖር ይቆማል። «ምን ሆነሃል?» ሲሉት
«ሰዓቴን ቀድሜ ነው» ይላል፣ ዓይኑ ከዚያ መስኮት።

ጥቅምት ላይ ገዢዎቹ የቤቱን ሆድ ዕቃ ዘረገፉት፤
አረንጓዴ ባኞ፣ ምንጣፍ፣ ቧንቧ፣ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ከመሩት፤
ከሁሉ በላይ በሩ፣ ፊቱን ለሰማይ ሰጥቶ፣
አንገስን ከነጂን ሊያጥብ ደመናው ከወንዙ መጥቶ።
ሩዋሪ ፍሬን ያዘ፣ አሥራ አራት ሰው አሳፍሮ።
ወርዶ አንኳኳ፤ ፈቀዱለት። በር በበር ገባ፣ ተጋድሞ፣ ዞሮ።
«ትኬት ቁረጥለት እንጂ!» አለች አንዲት ተማሪ፤
እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሳቀ ሁሉም ተሳፋሪ።

አሁን መኝታ ቤታችን ነው። ቁም ሣጥኑ በግማሽ ይከፈታል።
መጋረጃዬ ለዚህ መስኮት ረዝሞ፣ ወለል ይጠርጋል።
ኢዝላ ትናንት ተለካች፤ ጂንን አልፋታለች፤
«ጻፊኝ እንጂ» ትላለች፣ እርሳሱን ይዛ ቆማለች።
ጻፍኩ። እጀታውን ሳላስበው ጠመዘዝኩ፤ ዞረ።
ከኋላው ግድግዳ ነበረ።

ዛሬ ቤት ለማየት ስሄድ መስኮት አልለካም።
የወጥ ቤቱን በር ጉበን ነው፤ ሰባ ስድስት ሴንቲ ሜትር፤ ለሌላው ግድ የለኝም።
ቅዳሜ ያየነው ሰባ አራት ሆነ።
«ሁለቷን በመላጊያ እናወጣታለን» አለ ሩዋሪ፣
ጣቱን በበሩ ጠርዝ ላይ እየሳበ።
ፖስታው ዓርብ ነው።